የፊት ጎማ ኩሽኔታ ስታስቀይሩ ዘንጉን ሳታዩ አትክፈሉ

በደሴና በኮምቦልቻ መኪና ይዛችሁ የምትሠሩ ወገኖች፣ «የፊት ኩሽኔታ ከነእጅ ዋጋው በርካሽ እንቀይራለን» የሚል ጋራዥ ሲያጋጥማችሁ፣ ኩሽኔታው (ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርገው ባለቀለበት ዕቃ) የሚገባበት ዘንግ ታጥቦ በዓይናችሁ ሳታዩት ገንዘባችሁን እንዳትሰጡ ለማሳሰብ ይህን እጽፋለሁ።

ባለፈው ክረምት የአሮጌ ሚኒባሴን የፊት ኩሽኔታዎች ደሴ በሚገኝ አንድ ጋራዥ አስቀየርኩ። ሥራው በፍጥነት ስላለቀ እንደ ሙያ ቆጥሬው አመስግኜ ወጣሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ተሳፋሪ ይዤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከግራው ጎማ የወፍጮ ዓይነት ድምፅ ይሰማኝ፣ መሪውም እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንደምንም ኮምቦልቻ ደርሼ ሌላ መካኒክ ዘንድ አስፈታሁት።

አዲሱ ግራሶ የተለቀለቀው በአሮጌው ጥቁር ግራሶ ላይ ነበር፤ መካኒኩ በሁለት ጣቱ አሽቶ ሲያሳየኝ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ዘንጉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብረት ይህን ቀለም የሚያወጣው ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ከሁሉ ያስቆጣኝ ግን የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት የሚቀመጥበት ቦታ ዙሪያውን በሹል ብረት ተወግቶ ነጥብ ነጥብ መደረጉ ነው። ይህ የተበላ ዘንግ ላይ የላላን ቀለበት ለጊዜው ለማጣበቅ የሚደረግ ማታለያ ሲሆን፣ የነጥቦቹ ጫፍ ጥቂት እንደተሄደ ይደፈጠጥና ቀለበቱ ዘንጉ ላይ እየዞረ ይፍቀዋል፣ ያግለዋልም። የመጀመሪያው ባለሙያ ዘንጉ መበላቱን አይቷል ማለት ነው፤ አይቶ ደበቀኝ።

በአግባቡ ሲሠራ ዘንጉ አሮጌው ግራሶ ተጠርጎለት በናፍታ ይታጠብና በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ቀላል ዝገትና ጭረት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ከተነሣ በኋላ እንደገና መታጠብ አለበት፤ የወረቀቱ ብናኝ ራሱ አዲሱን ኩሽኔታ ይበላዋልና። ከዚያ ጥፍርን በዘንጉ ላይ ማስኬድ፣ በተለይም ከሥሩ፣ ወፈር ማለት ከሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን በብርሃን ማየት፣ የዳዶውንም ጥርስ መመልከት ያስፈልጋል። አዲሱ ቀለበት በእጅ ሲገፋ ሸርተት ብሎ ይገባል፤ ገብቶ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ዘንጉ አልቋል። የተሰነጠቀ፣ የተበላ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ዘንግ ይቀየራል እንጂ በብየዳ አይሞላም። በሞዞው (ጎማው በሚታሰርበትና ከጎማው ጋር በሚዞረው ብረት) ውስጥ የሚቀረው የውጭ ቀለበትም ከአዲሱ ኩሽኔታ ጋር አብሮ ይለወጣል፤ የእኔ አሮጌው እንዳለ ነበር።

ገንዘቤን ልጠይቅ ስመለስ ደረሰኙ ላይ «ኩሽኔታ ቅያሬ» ብቻ ስለተጻፈ «ዘንጉ አይመለከተንም» ተባልኩ። እናንተ ዘንጉ ታጥቦ መመርመሩንና የውጭ ቀለበቱ መለወጡን በደረሰኙ ላይ አጽፉ፤ አሮጌዎቹንም ዕቃዎች ተቀበሉ።

ከሥራው በኋላ የጎማውን ሙቀት ለመፈተሽ የምትፈልጉ ከሀረጎ እንደወረዳችሁ አትንኩት፤ በቁልቁለቱ ፍሬን ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ስለሚያግላቸው ችግር ያለበት አይለይም። ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ፍሬን ሳታበዙ ጥቂት ሂዱና ቁሙ፤ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሁለቱ ሞዞዎች በየተራ አስጠግታችሁ አንደኛው ከሌላው ይበልጥ የሚፋጅ ከሆነ መንገዱን ሳትቀጥሉ አስፈቱት።