ማርዲና ታወር፦ የሁለት የዌልስ ከሰል ጉድጓዶች ነገር

እ.ኤ.አ. በ1913 ደቡብ ዌልስ ወደ 57 ሚሊዮን ቶን የድንጋይ ከሰል አወጣች። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው።

የማርዲ ሠራተኞች በ1985 የጉድጓዶችን መዘጋት ተቃውመው ዓመት ከፈጀው አድማ ሲመለሱ፣ ማለዳ በባንድ ታጅበው ነበር ወደ ጉድጓዱ የሄዱት። በ1990 ተዘጋባቸው። በሮንዳ ሸለቆ የቀረው የመጨረሻው ጥልቅ ጉድጓድ እሱ ነበር።

ከተራራው ማዶ ያለው ታወርም በ1994 «አያዋጣም» ተብሎ ተዘጋ። እዚያ ግን 239 ሠራተኞች ከስንብት ገንዘባቸው ስምንት ስምንት ሺህ ፓውንድ አዋጡና ጉድጓዱን ገዙት። በጥር 1995 ባለቤት ሆነው ገቡ። ከሰሉ እስኪያልቅ፣ እስከ 2008 ሠሩበት።

እኔ የታወርን መንገድ እመርጣለሁ። 13 ዓመት ደሞዝ ማለት ልጅ አሳድጎ ማስተማር ነው። የከሰል አቧራው ግን ሁለቱንም ሰፈር እኩል ጎድቷል። ሳንባው የተጎዳ ሽማግሌ ዳገቱን አንዴ አይጨርሰውም፤ አጥር ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል።