ጥበብና ጥልፍ ላለው ነጠላ፦ እንዶድ ወይስ የዱቄት ሳሙና?

በየትኛውም ከማጠባችሁ በፊት ቀለሙን ፈትኑ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥበቡ ጀርባ ላይ ለ1 ደቂቃ ጫን አድርጉ። ቀለም ከነካው አትዘፍዝፉ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አጥባችሁ አውጡ።

እንዶድ ለስላሳ ነው፤ አረፋውን የሚያወጣው ፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ነው። አንድ እፍኝ ደረቅ ፍሬ ወቅጣችሁ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሩና በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሳይጠለል ከገባ ድቃቂው ጥልፉ ሥር ይሰገሰግና ነጩን ያቆሽሸዋል። ዓይን ያቃጥላል። ዓሣም ስለሚገድል እጣቢውን ወደ ቦርከና ወንዝ አትድፉ።

ዱቄት ሳሙና ፈጣን ነው፤ የወጥ ቅባትን ከእንዶድ በተሻለ ያስለቅቃል። ለ5 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። የደሴ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ዱቄቱን አስቀድማችሁ በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙት፤ ያልሟሟ ቅንጣት ክር ላይ ሲቀመጥ ቀለሙን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያደበዝዘዋል። ቢያንስ 3 ጊዜ አለቅልቁ። ጥጥ ይችለዋል፤ የሐር ጥልፍ ግን ወዙን ያጣል።

ስለዚህ ለሐር ጥልፍ እንዶድ፣ ወጥ ለነካው የጥጥ ነጠላ ዱቄት።

መጭመቅ በሁለቱም ክልክል ነው፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። ደሴ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጥበቡ በነጩ ላይ ሳይታጠፍ ይዘርጋ፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቀለም ስለሚያነጣ ጥላ ፈልጉለት።