ባለ 3.2 ሜትር የሚነፋ ጀልባና ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሞተር፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ጀልባው ጥሩ ነው። ሞተሩ ግን በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ያህል አይገፋም፤ ምክንያቱም ከፍታው ነው። አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግቢ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጦ፣ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞች ጋር ቢሾፍቱ ወይም ቆቃ የሚወርድ ጀልባ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያሰላ ይሻለዋል።

ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቆቃ 1,590 ሜትር ላይ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች 1,900 ሜትር አካባቢ ናቸው። ስለዚህ 6 ብለን የገዛነው ቆቃ ላይ 5 ነው፣ ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንድ ሰው ብቻውን ሲነዳው ጀልባው በጭንቅ ከውሃው ላይ ይነሳል፣ ማለትም ላዩን እየተንሸራተተ ይሄዳል። አራት ሰው ሲሳፈር ግን አይነሳም፤ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ጋዝ ቢጨመርለት የሚጨምረው ጩኸትና ቤንዚን ነው። በግማሽ ጋዝ በሰዓት 1 ሊትር አካባቢ ይበላል፤ ሙሉ ሲሰጠው ከ2 ሊትር ያልፋል። ለሽርሽር ግማሹ ይበቃል።

ለውጥ ያመጣው ፕሮፔለሩ ነው። አብሮት የመጣው ባለ 7 ኢንች ፒች ነበር፤ ፒች ማለት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት ነው። ይህ ለባሕር ጠለል የታሰበ ስለሆነ ሞተሩን ያስጨንቀዋል፣ ተገቢው ዙር ላይ ሳይደርስ ይታፈናል። ባለ 6 ኢንች ሲታሰርበት ሞተሩ ቀለል ብሎት ይዞራል፣ ሸክም ይዞም ቶሎ ይነቃል። ካንዴላው ቶሎ ቶሎ ጥቁር ጥላሸት የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የካርቡሬተሩ የቤንዚን ቀዳዳ ለስስ አየር ሰፍቷል ማለት ነው፤ አንድ ደረጃ ጠበብ ያለ ይግባለት።

ስለ ጭነት፦ ሰሌዳው 500 ኪሎ ይላል። አራት ጎልማሳ 280፣ ሞተሩ 27፣ 12 ሊትር ቤንዚን 9 ኪሎ። ገና ብዙ ቦታ ያለ ይመስላል፤ ግን አንድ ሳጥን ቢራ ብቻውን 15 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሁሉም ደግሞ ወደ ኋላ መቀመጥ ይወዳል። አፍንጫው ወደ ሰማይ ካየ ከባዱን ሰው ወደፊት ላኩት። ሦስት ሰው ምቹ ነው፤ አራት ይችላል፤ አምስት አይሞከርም።

ንፋቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የጎኖቹ ግፊት 0.25 ባር ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ ልክ አድርጎ ነፍቶ በፒክአፕ ቆቃ ድረስ ያወረደው ሰው ጀልባውን ለስልሶ ያገኘዋል፤ የታችኛው አየር ስለሚከብድ የ0.05 ባር ልዩነት አለ። በመልስ ጉዞ ደግሞ ተነፍቶ እንዳለ ከተጫነ ይወጠራል። ፀሐይ ሲጨመርበት ይብሳል፦ በ25 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት 0.09 ባር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የሚነፋው ዳርቻው ላይ ነው፤ ውሃ ላይ ከዋለ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በመለኪያው ታይቶ ይሞላል። ለምሳ ሲወጣ ደግሞ ጥቂት ይተነፈስለት።

ቆቃ ከቢሾፍቱው የባቦጋያ ሐይቅ ይልቅ ዕቃ ይጨርሳል። የአዋሽ ውሃ ደለል የተሞላ ስለሆነ የማቀዝቀዣ ፓምፑን ጎማ ይልጠዋል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ከደከመ ወዲያው ማጥፋት ነው። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ አለ፤ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል፣ ፕሮፔለሩን ይጠመጥማል። ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ጥልቀት የለውም፤ ፕሮፔለሩ መሬት ሲነካ የሚሰበረውን ፒን ሁለት ትርፍ ከፒንሳ ጋር መያዝ ግድ ነው። ጉማሬና አዞም ስላለ ደንገል አጠገብ አትጠጉ። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነፋስ ካነሳ በዚህ ጉልበት መመለስ አሰልቺ ነው፤ ላይፍ ጃኬት ከመጀመሪያው ይለበስ እንጂ መቀመጫ አይሁን።

ትልቁ ጠላት ግን ዳርቻው ላይ ያለው የግራር እሾህ ነው። ገበያ ላይ ያለው ማስቲሽ ጀልባው በተሠራበት የፕላስቲክ ጨርቅ (ፒቪሲ) ላይ አይበረክትም፤ ሲሞቅ ይላቀቃል። የሚሠራው ባለ ሁለት ቅልቅል የፖሊዩሬቴን ሙጫ ነው። አየሩ ወጥቶ ጨርቁ ይዘርጋ፤ በአሴቶን ይጠረግ፤ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ቁራጭ ተቆርጦ ሁለቱም ላይ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀባ፤ በመሐሉ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ ተጭኖ 24 ሰዓት ይቆይ። ዕርጥበት ባለበት ቀን ግን አይነካ።

ክረምቱን ለማሳለፍ የቤንዚኑን ቧንቧ ነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት ይገባል፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ይደርቃል። የማርሹ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ክር ማኅተሙን ቆርጦት ነው። ጀልባው ደርቆ፣ ታልክ ተነስንሶበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀል። አይጥ የታጠፈ ፒቪሲ ትወዳለች፣ የምትበላውም እጥፋቱ ላይ ስለሆነ አንዱ ቀዳዳ ሲዘረጋ አራት ይሆናል።