ባሕር ዳር ላይ የታሸገ የምኒልክ ብር ገዛሁ

ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ ከምታገኟቸው የስጦታ ዕቃ ሱቆች ስለ አንዷ ነው የምጽፈው። ስሟን አልጠራም። ባለቤቱ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቅሬታዬም በአንድ ዓይነት ዕቃው ላይ ብቻ ነው። በሩ ላይ ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ተደርድረዋል። ውስጥ መስቀልና የብራና ሥዕል አለ። ከባንኮኒው ሥር ደግሞ መስታወት ክዳን ያለው የድሮ ገንዘብ ሳጥን። እኔን የሚጎትተኝ ሳጥኑ ነው። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር ውዬ ማታ የድሮ ብር ለማየት መሄዴ ለባለቤቴ እስካሁን አልገባውም።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ያልታሸጉት ሳንቲሞች ላይ ልጁ ግልጽ ነው። በእጃችሁ ብትይዙ፣ ብታገላብጡ፣ ባንኮኒው ላይ ብታንኳኩ አይከፋውም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛንም አለው። የአክሱም ነገሥታት መልክ ያለባቸውን ቅጂዎች ለብቻ አስቀምጦ «ይቺ ለማስታወሻ የተሠራች ናት» ይላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለቱሪስት ከሚቀርበው «የአክሱም ሳንቲም» መካከል ትናንት የተቀረጸ አይጠፋም። አላድም ግርሽም አለው፤ ዋጋውም ያስኬዳል።

ነገሩ የሚበላሸው ፕላስቲክ ውስጥ የታሸጉት ላይ ሲደረስ ነው።

ሦስት ናቸው። የመዳፍ ስፋት ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ መሐሉ ላይ ሳንቲም፣ አናቱ ላይ ቁጥር የታተመበት ወረቀት። አንደኛው የምኒልክ ብር ነው። ያልታሸገውን የምኒልክ ብር 12 ሺህ የሚለው ልጅ ለዚህኛው 35 ሺህ ጠራ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ አሜሪካን አገር ተመርምሮ ነው የመጣ። 64 አግኝቷል።»

«ከስንት?»

«ከ70።»

ልክ ነው፣ የሳንቲም ጥራት ነጥብ የሚሰጠው ከ1 እስከ 70 ነው። ዊሊያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለአገሩ የድሮ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። መነሻው ዋጋ ነበር፤ 70 የተሰጠው ሳንቲም 1 ከተሰጠው ሰባ እጥፍ ያወጣል በሚል ስሌት። በኋላ ዓለም ሁሉ ያዘው። ከ60 በላይ ማለት ገበያ ላይ ያልዋለ፣ እጅ ያልፈተገው ማለት ነው። 64 ትልቅ ነጥብ ነው።

ጥያቄው ማን ሰጠው ነው። ሳንቲም መርምሮ በፕላስቲክ ማሸግ አሜሪካ ውስጥ የደራው ፒሲጂኤስ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 የሚባሉት መርማሪ ድርጅቶች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ነው። ሁለቱም ዛሬ አሉ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ ብትጽፉ ሳንቲሙ ይወጣል። ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘም ዋስትና አላቸው። ገበያው ሲሞቅ ግን ብዙ ድርጅት ተከትሎ በቀለ። ኮምፒዩግሬድ የሚባለውማ እ.ኤ.አ. በ1991 ሳንቲም በኮምፒዩተር እመዝናለሁ ብሎ ነጥቡን እስከ አስርዮሽ ያወርደው ነበር። ብዙም አልቆየ። አንዳንዶቹ በሐቅ ሠርተው ገበያ አጥተው ነው የተዘጉት። አንዳንዶቹ ግን ለመጣላቸው ሁሉ ከ60 በላይ ሲያድሉ ነበር። ዛሬ ፕላስቲኩን ራሱን የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ሳንቲሙ ቀርቶባቸው የሞተውን ድርጅት ማሸጊያ ይፈልጋሉ። የእነሱን አመል ለእነሱ ልተወው።

በልጁ ወረቀት ላይ ያለውን ስም ሱቁ ውስጥ ቆሜ በስልኬ ፈለግኩት። ድረ ገጽ የለም፣ አድራሻ የለም፣ ቁጥሩን የሚያጣራ የለም። «ዳታ አላበራሽ ይሆናል» አለኝ። ዳታው በርቷል። ዋሱ ሞቷል፤ የሞተ ዋስ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀርብም።

ወረቀቱን ሳይ ሌላ ነገር ታየኝ። ዓመቱን «1889» ብሎ አትሞታል፣ በቃ። ሳንቲሙ ላይ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፱ ተጽፏል፣ ትክክል። ግን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 1896 ወይም 1897 ይሆናል። መርማሪ ነኝ የሚል ድርጅት የማንን አቆጣጠር እንዳተመ ካልገለጸ ሌላውን እንዴት ልመነው?

ከዚያ የስልኬን መብራት በጎን አበራሁበት። ፊት ለፊት ሲያዩት ያምራል፤ የምኒልክ ዘውድ ጥርት ያለ ነው፣ ከጀርባ አንበሳው መስቀል ያለበትን በትር ይዞ ይራመዳል፣ የፓሪስ ማተሚያ ቤት ምልክት የሆነችው «ኤ» ፊደልም አለች። ዘንበል ሲያደርጉት ግን ባዶው ቦታ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። ተወልውሏል። ዛሬ ያሉት ትልልቆቹ ድርጅቶች የተወለወለ ሳንቲም ሲያገኙ «ተጠርጓል» ብለው ይጽፋሉ እንጂ የነጥብ ቁጥር አይሰጡም።

ጠርዙ ደግሞ አይታይም። ፕላስቲኩ ዙሪያውን ሙሉ ውጦታል። የአገራችን የድሮ ብር ጉዱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። እናቶቻችን አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበርና ብየዳ አያጣውም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚወጡት ማሸጊያዎች ሳንቲሙን በጥቂት ጥርስ ይዘው ጠርዙን ያሳያሉ። ይኼ የድሮ ነው፤ አይመዘን፣ አይንኳኳ፣ ጠርዙ አይታይ።

«ፕላስቲኩን እንደሌለ ቆጥረን እንነጋገር» አልኩት። ካልታሸገው ዋጋ በላይ ቤሳ ቤስቲን አልጨምርም አልኩ። «እትዬ፣ አከሰርሽኝ» እያለ በ12 ሺህ ተስማማን። ቱሪስት በጠፋበት ጊዜ ስለሆነ እንጂ እንዲህ ቶሎ ባልለቀቀም ነበር። በቴሌብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ሰጠኝ።

ከዚያው ወደማውቀው ብር ሠሪ ሄድኩ። የፕላስቲኩን ጥግ በጉጠት ያዘና ጨመቀው፤ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሚዛን ላይ 27.8 ግራም መጣ። አዲስ ሲወጣ 28.075 ነበር፣ ስለዚህ ደህና ነው። ከ1000 እጅ 835ቱ ንጹሕ ብር ስለሆነ 23 ግራም ያህል ብር አለው ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ሲጥለው ድምፁ ረዘም ብሎ ጠራ። ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ ሲያዞረው ግን የምስር ፍሬ የምታክል ግራጫ ቦታ አለች። ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ነው፤ በኋላ ተነቅሎ በሞረድ ተፍቋል። ብር ሠሪው ሳቀ። «ይኼንን ነው 64 ያሉት?» አለ።

ለእኔ ብር ይሆናል፣ በ12 ሺህ ቅር አላለኝም። ለ64 የሚከፍል ሰብሳቢ ግን ብየዳውን ሲያይ ጀርባውን ነው የሚሰጠው።

ልጁ በኋላ ሲያገኘኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባዶውን ፕላስቲክ ካልፈለግሽው አምጪልኝ፣ ይጣበቃል።» ወረቀቱን በመቀስ ቆራርጬ ጥያለሁ አልኩት። ያደረግኩትም ይኼንኑ ነው። በየዋህነት ጠይቆኝ ይሆናል። ግን ወረቀቱ ደህና ሆኖ ከቆየ ነገ ሌላ ሳንቲም ይገባበታል።

የቀሩት ሁለቱ አሁንም መስታወቱ ሥር ናቸው። ሁለቱም ጠገራ ብር ናቸው፤ ወረቀታቸው «1780፣ 66 ነጥብ» ይላል፣ ዋጋቸው 40 ሺህ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ምስሏ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፣ ጠገራው ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሲታተም ኖሯል። የኦስትሪያ ማተሚያ ቤት ዛሬም ያትመዋል። እንደ መስታወት የሚያበራ፣ 66 የተሰጠው ጠገራ በቅርብ የታተመ መሆኑ አይቀርም። አያቶቻችን የሚያዩት ሌላ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ቆጥረው፣ ሥር ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» ፊደላት አይተው፣ ጠርዙ ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚለውን የላቲን ጽሑፍ በጥፍራቸው ዳስሰው ነበር የሚቀበሉት። እነዚህ ሁለቱ ላይ ጥፍር አይገባም።

ስለዚህ ወደ ሱቁ ሂዱ፣ ያልታሸገውን ምረጡ፣ ሚዛኑን አስወጡት። ከውጭ አገር ለመጣ ዘመድ የምትገዙ ከሆነ ከአገር ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ኤርፖርት ላይ መጨቃጨቅ አያዋጣም። የታሸጉትን ከፈለጋችሁ ደግሞ «ከፍተህ አሳየኝ» በሉት። አልከፍትም ካለ ባልታሸገው ዋጋ ይስጣችሁ።