ሾርት ሺፍተሩን ወድጄዋለሁ፤ የብረት ቡሹን ግን አልምረውም

መጀመሪያ ስለ ድምፁ ልናገር። ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር እስከ 3,500 ዙር ገደማ ሲዞር የማርሽ ዘንጉ ይጮሃል። ዝዝዝ የሚል፣ ቀጭን፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነው። ከዚያ በታች የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይውጠዋል። ክፋቱ፣ ረጅም መንገድ ላይ በስድስተኛ ማርሽ ስሄድ ሞተሩ የሚረጋው እዚያው መሀል ላይ ነው። ስለዚህ ድምፁ ብቅ ብሎ የሚጠፋ አይደለም፤ አብሮኝ ይጓዛል። እጄን ዘንጉ ላይ ሳሳርፍ ዝም ይላል። እጄን ወደ መሪው ስመልስ እንደገና ይጀምራል።

ሾርት ሺፍተሩን፣ ማለትም የእጅ ጉዞን የሚያሳጥረውን የማርሽ ዘንግ፣ ከገጠምኩት ወራት አልፈዋል። ብርዱንም ሙቀቱንም አብረን አይተናል። ስለሱ የምለው ጥሩ ነገር ብዙ ነው፣ እላለሁም። ግን ይሄን ድምፅ ሳይጠቅስ የሚያልፍ ግምገማ ገዢን ያሳስታል። ሲሸጥልኝ ማንም ስለ ድምፅ አልተነፈሰም። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የእጅ ጉዞው በስንት በመቶ እንደሚያጥር ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ከመቶኛ ነገር ልጀምር፣ ምክንያቱም ገበያው በሙሉ የሚጮኸው እሱን ነው።

የማርሽ ዘንግ ተራ ማንሻ ነው። መሀሉ ላይ የሚዞርበት ኳስ አለ። ከኳሱ በላይ ያለውን እኛ እንይዛለን፣ ከኳሱ በታች ያለው ማርሽ መራጩን ይገፋል። የላይኛው ከታችኛው አራት እጥፍ ቢረዝም፣ እጃችን የሚሄደው ታች ካለው ጫፍ አራት እጥፍ ነው። ሾርት ሺፍተር የሚያደርገው ኳሱን ከፍ ማድረግ ወይም የታችኛውን ክፍል ማስረዘም ነው። ወደ ሦስት እጥፍ ሲወርድ የእጅ ጉዞው በሩብ ያጥራል። እስከዚህ ድረስ ሻጩ ይነግራችኋል። የማይነግራችሁ፣ ያው ማርሽ እንዲገባ አሁን አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ጉልበት እንደሚፈልግ ነው። 40 በመቶ ያጠረውን ከገዛችሁ ደግሞ ተጨማሪው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል። በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ያጠረው ሁሉ በክንድ ይከፈላል።

እኔ በሩብ የሚያጥረውን መረጥኩ። አሁንም ብጠየቅ እሱኑ እመርጣለሁ። ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ማለቱ በፋብሪካው ዘንግም የነበረ ነው፤ አሁን ትንሽ ጠንከር ብሏል። በ40 በመቶው ቢሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት ትግል ነበር። እዚህ ላይ መግፋት አያስፈልግም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሲንክሮናይዘር ሁለት በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ነገሮችን በፍትጊያ እኩል የሚያደርግ ቀለበት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከናስ የተሠራ። ሥራውን ለመጨረስ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ዘንጉ ስላጠረ ቀለበቱ አይፈጥንም። በጉልበት ከገፋችሁት የሚበላው እሱ ነው፣ እሱን ለመቀየር ደግሞ ካምቢዮው መውረድና መፈታት አለበት። ስለዚህ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ ማለት ነው። ዘይቱም የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ዓይነት ይሁን። መጽሐፉ ጂኤል-4 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ደረጃ ካለ "ጂኤል-5 ቁጥሩ ስለሚበልጥ ይሻላል" የሚለውን ምክር አትስሙ፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም ናስ ይበላል።

አሁን ወደ ደስታው።

የኔ መኪና ሞተሩ ፊት ነው፣ የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው፣ ካምቢዮው ስድስት ማርሽ አለው። ዘንጉ ግን በቀጥታ ካምቢዮው ውስጥ አይገባም። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጥና በአንድ ማገናኛ ብረት ይገናኛል። የሚቀመጥበት ክንድ ፊቱ ካምቢዮው ላይ፣ ኋላው ደግሞ በወፍራም ጎሚኒ ቦዲው ላይ ታስሮ ነበር። ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩና ካምቢዮው በተቀመጡበት ጎሚኒ ላይ ይጠማዘዛሉ። ቦዲው ግን አይጠማዘዝም። ዘንጉ በሁለቱ መሀል ተይዟል። ዝግ ብላችሁ ስትነዱ ምንም አይታወቅም። ሞተሩን እስከ ላይ አድርሳችሁ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይሩ ግን የሦስተኛ ማርሽ በር፣ ማለትም ዘንጉ የሚገባበት ቦታ፣ እጃችሁ የለመደው ቦታ ላይ የለም። ትንሽ ሸሽቷል። ያኔ ወይ ግግግ ይላል፣ ወይ ጭራሽ አይገባም።

አዲሱ ሺፍተር ይሄን ክንድ ከቦዲው አላቆ ሙሉ በሙሉ ካምቢዮው ላይ ያስረዋል። ካምቢዮው ቢጠማዘዝ ዘንጉም አብሮ ይጠማዘዛል፣ በመሀላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ማርሽ እንቢ ብሎኝ አያውቅም። አንዴም። ሞተሩ ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ መኪናው ጎንበስ ብሎ፣ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይገባል። እዚህ ላይ ማጋነን አይደለም፣ መኪናውን እንደገና የገዛሁት መሰለኝ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን ወይም ሆንዳ ኤስ2000ን የነዱ ሰዎች የማርሹን ነገር ሲያወሩ ዓይናቸው የሚበራው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። በእነዚያ ላይ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው አናት ላይ ነው የሚገባው፤ መሀል ላይ የሚሸሽ ነገር የለም።

ሁለተኛው ደስታ ሞላዎቹ ናቸው። ዘንጉን ዜሮ ላይ ስትለቁት ራሱን በሦስተኛና በአራተኛ መስመር ላይ ያስተካክላል፣ ጠንከር ብሎ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስትስቡ እጃችሁ ወደ ግራ ካዘነበለ ሁለተኛ ውስጥ ትገባላችሁ። ፍሪሲዮኑን ስትለቁ ጎማው ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል፤ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል፣ ሞተር ያልቃል። ሾርት ሺፍተር የጎን ርቀቱንም ስለሚያጠብ በሮቹ ይቀራረባሉ። ሞላው ደካማ ከሆነ ያጠረው ዘንግ አደጋ ነው። የኔው ላይ ሞላው በደንብ ይመልሳል፣ ለዚህ ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አጨራረሱ ደህና፣ ቁመቱ ደህና፣ ኋላ ማርሽ መቆለፊያውም ይሠራል።

እና ታዲያ ይሄን ያህል ጥሩ ነገር ሠርተው ለምን በብረት ቡሽ፣ ማለትም መገናኛው ላይ በሚገባ የብረት ቀለበት፣ ዘጉት?

ድምፁ ሲጀምረኝ መጀመሪያ ያየሁት ከዘንጉ ሥር ያለውን የጎማ ሽፋን ነው። ብዙ ሰው ሺፍተር ቀይሮ "ካምቢዮዬ መጮህ ጀመረ" የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ በደንብ ካልተመለሰ ወይም አዲሱ ዘንግ ወፍሮ ከቀደደው የካምቢዮው ድምፅና ሙቀት በቀዳዳው ይገባል። የኔው ደህና ነበር። ከዚያ መጨበጫውን ከበድ ባለ ቀየርኩ። ክብደት የንዝረቱን ዙር ያወርደዋል፣ ማርሽ ሲገባም ያግዛል። ድምፁ ትንሽ ዝቅ ባለ ዙር ላይ መጣ እንጂ አልጠፋም። የብሎኖቹን ጥብቀት አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። የቀረው ቡሹ ብቻ ነበር።

የፋብሪካው ክንድ በጎሚኒ የታሰረው ያለ ምክንያት አይደለም። የካምቢዮ ጥርሶች ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጤነኛም ቢሆኑ። ጎማ ያንን ንዝረት ይውጣል። ብረት ግን ያስተላልፋል። አዲሱ ሺፍተር ክንዱን ከካምቢዮው ጋር ሲያስር በሁሉም መገናኛ ላይ ጠንካራ ብረት አስገብቷል። ብረት ከብረት፣ ብረት ከብረት፣ እስከ እጄ ድረስ። መሀል ላይ ንዝረቱን የሚገታ አንድም ነገር የለም። ዘንጉ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ራሱ መርገብገብ ይጀምራል። ያ ዙር ደግሞ እኔ መንገድ የምበላበት ዙር ነው።

ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። "ወንድሜ፣ የእሽቅድምድም መኪና እኮ እንዲህ ነው፣ ማሽኑን በእጅህ ትሰማዋለህ።" እሺ። እሽቅድምድም የሚነዳው ሰው ራስ ቁር አድርጓል፣ ጆሮው ውስጥ መከላከያ አለ፣ ሞተሩን 3,200 ዙር ላይ አድርጎ ለሰዓታት አይሄድም። እኔ እሄዳለሁ። መኪናዬ የመንገድ መኪና ናት፣ የተሸጠልኝም ዕቃ ለመንገድ መኪና ተብሎ ነው።

"ትለምደዋለህ" ይላል ቀጥሎ። አልለመድኩትም። ሰው ጠረን ይለምዳል፣ ጠንካራ ወንበር ይለምዳል። እጅ ሲነካው ቆሞ ሲለቀው የሚመለስ ድምፅ ግን አይለመድም፣ ምክንያቱም መቆም እንደሚችል ጆሮ ያውቃል።

"ለስላሳ ቡሽ ከሆነ ጥራቱ ይጠፋል፣ ዘንጉ ይላላል።" ይሄኛው ክርክር የሚከበር ነው። ለመልሱ ግን መሞከር ያስፈልግ ነበር፣ ሞከርኩት። ሁለቱን የኋላ የብረት ቡሾች አውጥቼ በፖሊዩሬቴን ቡሽ ተካኋቸው። ፖሊዩሬቴን ከጎማ ይጠነክራል፣ ከብረት ደግሞ ይለሰልሳል፣ የጥንካሬ ደረጃውም ይመረጣል። በጣም ጠንካራውን ሳይሆን መካከለኛውን ወሰድኩ። የፊቱን መገናኛ፣ ማለትም ማርሽ መራጩን የሚገፋውን፣ በብረት ተውኩት። እዚያ ላይ መላላት አልፈልግም። የኋላዎቹ ግን ክንዱን ከመያዝ ሌላ ሥራ የላቸውም።

ድምፁ ሄደ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ሬዲዮ ዘግቼ፣ ጆሮ ሰጥቼ ካዳመጥኩ ሥሩ ላይ ትንሽ ነገር አለ። ግን ጥርስ ውስጥ የሚገባው ዝዝዝ የለም። ሦስተኛ ማርሽስ? ያው ነው። ቀጥ ብሎ ይገባል። በእጄ ልዩነት ልፈልግ ሞክሬአለሁ። በዝግታ ስነዳ መጨረሻው ላይ ትንሽ ለስለስ ያለ ነገር አለ፣ ደስ የሚል ልስላሴ። በኃይል ስነዳ ምንም። ክንዱ አሁንም ካምቢዮው ላይ ስለታሰረ በሩ አይሸሽም፣ ጥራቱን የሚሰጠውም አስተሳሰሩ ነው። የብረት ቡሹ ለድምፁ ካልሆነ በቀር የጨመረው የሚታይ ነገር የለም።

ይሄን የሚያስቡት ሰዎች አሉ። የቢኤምደብሊው ኢ36 ባለቤቶች ከድሮ ጀምሮ የዜድ3ን የማርሽ ዘንግ አምጥተው ይገጥማሉ። የፋብሪካ ዕቃ ነው፣ ጉዞውን ያሳጥራል፣ ጎሚኒዎቹ በቦታቸው ይቆያሉ፣ ስለ ጩኸት የሚያማርር አይበዛም። እንደ ጎልፍ ጂቲአይ ያለ፣ ሞተሩ በጎን የተቀመጠና ማርሹ በኬብል የሚሄድ መኪና ያላችሁ ደግሞ ዘንግ ከመግዛታችሁ በፊት የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለውን ቡሽ ቀይሩ። እዚያ ላይ የሚሰማው ልልነት አብዛኛው ከዚያች ትንሽ ጎማ ነው፣ ለውጡም ወዲያው በእጅ ይታወቃል።

ፖሊዩሬቴን የምትገጥሙ፣ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡት። ያለዚያ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ተራውን ግራሶ አጠገቡ ያለው የጎማ ሽፋን ላይ አታስነኩ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል። ሥራው ደግሞ ከሥር ነው፣ መኪናው መነሳት አለበት፤ በአንዳንድ መኪና ላይ ማርሚታውም መውረድ ይኖርበታል። ሺፍተሩን ሲገጥሙላችሁ አንድ ላይ ካልተደረገ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ለሁለተኛው ሥራ የከፈልኩት ለቡሹ ከከፈልኩት በብዙ ይበልጣል።

ዘንጉን አልፈታውም። ማንም ቢመጣ የድሮውን መልስ ቢለኝ አልመልሰውም። አሁን ባለበት ሁኔታ ከመኪናው ላይ የምወደው ክፍል እሱ ነው። ግን እንደመጣ፣ ከማሸጊያው እንደወጣ፣ ለጓደኛዬ ግዛው አልለውም። ለሻጩ የምለው አንድ ነገር ነው፦ መቶኛውን በትንሹ ጻፍና ቡሹ ከምን እንደተሠራ በትልቁ ጻፍ። ማሸጊያው ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ቡሽ አስገባ፤ ብረቱንም ለስላሳውንም። ዋጋውን ጨምርበት፣ እኔ እከፍላለሁ።