ለአገር ቤት ሻንጣ የትኛው ይሻላል? ማርሻልስ፣ ቲ.ጄ. ማክስ፣ ሮስ ወይስ በርሊንግተን

አሜሪካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ጭንቀት ሻንጣው ነው። ለእናት ሹራብ፣ ለወንድም ጫማ፣ ለእህት ልጆች ልብስ፣ ሳይታሰቡ ብቅ ለሚሉ ዘመዶች ደግሞ ሽቶ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በሙሉ ዋጋ የሚገዛ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁላችንም የምናመራው የታወቁ ብራንዶችን ከመደበኛው ዋጋ አሳንሰው ወደሚሸጡት ሱቆች ነው። አራቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አነሳሳቸው ግን ይለያያል፤ የትኛው በምን እንደሚሻል የሚነግረንም እሱው ነው።

ማርሻልስን አልፍሬድ ማርሻል በ1956 በማሳቹሴትስ፣ ቤቨርሊ ከተማ ከፈተው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሃያ ዓመት በኋላ ዜይር የተባለ ኩባንያ በማርሻልስ ይሠራ የነበረውን በርናርድ ካማራታን ወስዶ ተመሳሳይ ሱቅ እንዲያቋቁምለት አደረገ። ቲ.ጄ. ማክስ የተወለደው እንዲህ ነው። በ1995 ደግሞ የቲ.ጄ. ማክስ ባለቤት ማርሻልስን ገዛው፤ ተማሪው ትምህርት ቤቱን ጠቀለለ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል እየተመላለሳችሁ ዋጋ ለማወዳደር ቤንዚን አታቃጥሉ፤ ገንዘቡ የሚገባው አንድ ኪስ ነው። ልዩነቱ ዕቃው ላይ ነው። ማርሻልስ የጫማና የወንዶች ክፍሉ ሰፋ ይላል፤ ቲ.ጄ. ማክስ በጌጣጌጥና በቦርሳ ይበልጠዋል፤ አንዳንድ ቅርንጫፎቹም የውድ ዲዛይነሮች ልብስ የሚሰቀልበት ክፍል አላቸው። አውሮፓ ያላችሁ የምታውቁት ቲ.ኬ. ማክስ ይኸው ነው፤ በ1994 ብሪታኒያ ሲገባ ቲ.ጄ. ሂዩዝ ከሚባል ሱቅ ጋር እንዳይምታታ አንድ ፊደል ቀየረ።

የሮስ ታሪክ የካሊፎርኒያ ነው። ስሙ ከ1950 ጀምሮ ቢኖርም የዛሬው ሮስ የጀመረው በ1982 አዲስ ባለቤቶች ስድስት ሱቆችን ገዝተው ወደ ቅናሽ ንግድ ሲያዞሯቸው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶ አለፉ። ሱቁ ለጌጥ አይጨነቅም፤ በኢንተርኔትም አይሸጥም፤ መስቀያው ላይ ያለው ልብስም አብዛኛውን ጊዜ የተዘበራረቀ ነው። በእኔ ግምት ግን ከአራቱ ርካሹ እሱ ነው፤ ለልጆች ቲሸርትና ለብዙ ሰው ለሚታደል ነገር ሌላ ቦታ አልሄድም። ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ማክሰኞ ማክሰኞ የአሥር በመቶ ተጨማሪ ቅናሽ አለው። እናታችሁ ሊጠይቋችሁ መጥተው ከሆነ በዚያ ቀን ይዛችኋቸው ሂዱ።

በርሊንግተን ካፖርት ሻጭ ሆኖ ነው የተነሣው። ሞንሮ ሚልስተይን በ1972 በኒው ጀርሲ፣ በርሊንግተን ከተማ አንድ ሕንፃ ሲገዛ ለመነሻ ክፍያ የዋለው ባለቤቱ ሄንሪየታ ያጠራቀመችው 75,000 ዶላር ነበር። ካፖርት የክረምት ንግድ ስለሆነ፣ በጋውን ላለመራብ ሌላ ልብስ፣ ከዚያም የሕፃናት ዕቃ ጨመሩ። ለአራስ ቤት ስጦታ የማስቀድመው እሱን ነው። ካፖርቱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የኒው ጀርሲ ጥር ካፖርት ለአዲስ አበባ ሐምሌ ይበዛል፤ ከሻንጣው 23 ኪሎ ላይም ብዙ ይወስዳል።

በአራቱም ዘንድ ዕቃው የሚገኝበት መንገድ ተመሳሳይ ነው። ፋብሪካ አብዝቶ ያመረተውን፣ ሌላ መደብር አዝዞ የሰረዘውን፣ ወቅቱ ያለፈበትን በጅምላ ይገዛሉ፤ አንዳንዱን መጋዘን አስቀምጠው በዓመቱ ያወጡታል። አንዳንዱ ደግሞ ለእነዚሁ ሱቆች ተብሎ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የወደዳችሁትን ጫማ በሳምንቱ ተመልሳችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። የዋጋው ወረቀት ላይ «ከዚህ ጋር አወዳድሩ» ተብሎ የሚጻፈው ከፍ ያለ ቁጥርም ዕቃው ሌላ ቦታ ያወጣል ተብሎ የተገመተ ዋጋ ነው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ በዚያ ዋጋ ተሸጦ ነበር ማለት አይደለም። እኔ ያንን ቁጥር በጣቴ ሸፍኜ፣ የቀረውን ዋጋ ብቻ አይቼ እወስናለሁ።

ጫማ ስትገዙ ሁለቱንም እግር አውጥታችሁ ቁጥሩን እዩ። ከአንድ ቅናሽ ሱቅ ለወንድሜ የገዛሁት ጫማ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት አንዱ 42፣ ሌላው 43 ሆኖ ተገኘ። የመመለሻው ጊዜ 30 ቀን ነበር፤ እኔ ደግሞ የምመለሰው ከሁለት ወር በኋላ። ወንድሜ በግራው ሁለት ካልሲ እየደረበ ለበዓል አደረገው።