ኮምቦልቻ ላይ የአሰብ ዓሣ

ለአንድ ዓሣ ሲባል ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ይገባል ወይ ካላችሁኝ፣ ለዚህ ቤት ይገባል። ለምሳ ግን አትሂዱ። የኮምቦልቻ የቀን ሙቀት ላይ የምድጃው ወላፈን ሲጨመርበት ምን እንደበላችሁም አይታወቃችሁም። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሂዱ።

ቤቱ ታፔላ የለውም። በባቲ መውጫ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ባጃጆቹን «አሰቧ ጋ» ካላችኋቸው ያደርሷችኋል። ግቢው ውስጥ ጥቂት ጠረጴዛዎች አሉ፤ አጥሩን ተጠግተው የገመድ አልጋዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ታኑር የሚሉት ጥልቅ የሸክላ ምድጃ። ባለቤቷ አሰብ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ድሪያቸውን ለብሰው ምድጃው ላይ የሚቆሙት ራሳቸው ናቸው፤ ለሌላ ሰው አይሰጡትም።

አሠራሩ የየመኖች ነው። ጅቡቲም አሰብም ዓሣ እንዲህ ነው የሚበላው። ሙሉው ዓሣ በጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ይቀባና ወደ ታኑሩ ይወርዳል። ዘይት ውስጥ አይገባም። ላዩ አረር ብሎ ይወጣል፣ ውስጡ ግን እንደረጠበ ነው። ስስ ቂጣው እዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል። ዳጣው በቲማቲምና በቃሪያ የተፈጨ ነው፤ እኛ ወሎዬዎቹን እንኳ አስነፍጦናል። በእጅ ነው የሚበላው። ሹካ የጠየቀ ሰው አይቻለሁ፣ ሳቁበት።

አንድ ነገር አከብርላቸዋለሁ፦ የባሕር ዓሣ ነው ብለው አያታልሉም። ከሐይቅ የሚመጣ ቆሮሶ ነው። አልፎ አልፎ በበረዶ የመጣ የባሕር ዓሣ ይኖራል። ዋጋው እጥፍ ሲሆን እኔ ያዘዝኩት ደረቅ ነበር። ቆሮሶው ይሻላል፤ እሾኩን ብቻ ጠንቀቅ በሉ።

ለወሎ ሰው ደግሞ ዓሣ ሌላ በረከት አለው። ከጓደኞቼ ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ሥጋ ቤት ስንሄድ የማን ዕርድ ነው የሚባል ነገር አለ፤ ተለያይተን ነው የምናዝዘው። እዚህ ግን አንድ ትሪ ላይ እንከባለን። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ትቻለሁ።

ባለፈው አባቴን ይዤው ወረድኩ። አባቴ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዲቼቶ፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያለ በእንቅልፉም ይቆጥራቸዋል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሱም ከዚያ ወዲህ አሰብን አላያትም። ቂጣውን ቀመሰና «ይሄ ራሱ ነው» አለ። ዓሣው ላይ ሲደርስ ግን ዝም።

«ምን ጎደለው ጋሼ?» አሉት ባለቤቷ።

«እጅሽ ይባረክ እታለም። ዓሣው ግን ጨው ውሃ አልጠጣም።»

«ታዲያ ባሕሩን ከየት ላምጣልዎ!»

ከዚያ በኋላ እኔን ረሱኝ። ሁለቱ ሲጫወቱ አመሹ።

የሚገርመው ስለ ባሕሩ እምብዛም አላወሩም። እኔ የባሕር ዳር ኑሮ ሲባል የሚታየኝ ስልኬ ላይ የማየው ሰማያዊ ውሃና ዘንባባ ነው። እነሱ የሚናፍቁት ምሽቱን ነው። አሰብ ቀን ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል። ፀሐይ ስትገባ ከተማው ይነሣል። አልጋ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ የሚያልፈው ሁሉ ቁጭ ይላል። ካፖርት፣ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ የሚባል ጣጣ የለም። ደሴ ላይ እኮ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ሁላችንም በር ዘግተን እንቀመጣለን። የሐምሌ እርጥብ ልብስ ሳይደርቅ ሳምንት ሲያልፍ ያየ ሰው ቅናቴን ይረዳልኛል።

ባለቤቷ ግን ገነት አድርገው አልሳሉልኝም። በበጋው ማለትም እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት አየሩን ስለሚያከብደው ላብ አይደርቅም፤ ሌሊቱም አያበርድም። ዝናብ ደግሞ ብርቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ከዚያ የተሻለ አየር የለም ይላሉ። «ታኅሣሥን ብቻ የሚያወራልሽን ሰው አትመኚው፣ ሐምሌንም ይንገርሽ» አሉኝ። ለኔ የኮምቦልቻ ምሽት ይበቃኛል። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስላለ ብቻ ሹራቤን አውልቄ ደጅ እራት እበላለሁ። ከዚህ በላይ ሙቀት አልፈልግም፤ አባቴ ይፈልግ።

ቅሬታዬን ልንገራችሁ። ይዘገያሉ፣ ያውም በጣም። ስትጠይቋቸው «እዚህ አይቸኮልም» ነው መልሱ፤ ለጨዋታ ያምራል፣ ለራበው ሰው ግን አይሆንም። የእጅ መታጠቢያው ውሃ ጠብ ጠብ ነው የሚለው፣ ሳሙናውም ተጠይቆ ነው የሚመጣው። እጅ በዓሣና በዳጣ ተነክሮ ይሄ ይቅር የሚባል አይደለም።

በሄልና በቅርንፉድ የፈላውን የወተት ሻይ ግን ሳትጠጡ እንዳትነሡ። ቂጣው ተፈርፍሮ ከሙዝና ከማር ጋር የሚታሸው ፈታህ የሚሉትም አለ። ጣፋጭነቱ በዝቶብኛል፣ ልጆች ይወዱታል። አንዱ ዓሣ ከነቂጣውና ከነዳጣው 600 ብር ነው፤ ትልቁ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ከደሴ የምትመጡ 11 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ወዲያው እዘዙ። እየመሸ ሲሄድ ወደ ላይ የሚወጣ ሚኒባስ ይጠፋል፤ የተገኘውም ዋጋ ይቆልላል። እኛ ያን ቀን ኮንትራት ይዘን ነው የወጣነው። ሂሳቡን አባቴ ከፈለ።